ቆቅ፣ ሖግላ፣ ኮሬ

ባለፈው ዓመት በእንግሊዝኛ ኮርስ ከተሰጡን የንባብ ጽሑፎች አንዱ «ግራውስ» ስለሚባል ወፍ ነበር። ምን ይበላል፣ የት ይኖራል፣ ጠባዩ ምን ይመስላል፣ ከዚያም የተለመዱት ጥያቄዎች። ከመካከላችን አንዷ ቃሉን በስልኳ ስትፈልግ «ቆቅ» የሚል ትርጉም ወጣላት። ደስ ብሏት ማታ ቤት ስትገባ አያቷን «እማማ፣ ቆቅ በክረምት በረዶ ውስጥ ጉድጓድ ምሳ እንደምታድር ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። አያቷ ደንቢያ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ትንሽ ዝም ብለው አዩዋትና «ልጄ፣ እንግዲያው እኔ እስከ ዛሬ የኖርኩት ቆቅ ሳላውቅ ነው» አሏት።

እማማ ትክክል ነበሩ፤ የተሳሳተው ስልኩ ነው። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያች ጨዋታ ነው። እኛ የባዮሎጂ ተማሪዎች አይደለንም፤ አብዛኞቻችን የሶሻል ወርክ፣ የነርሲንግና የትምህርት ተማሪዎች ነን። ነገር ግን ስለዚህች ወፍ ማንበብና ወላጆቻችንን መጠየቅ ስንጀምር፣ ከአሽዶድ የመጨረሻው ሕንፃ አልፎ ባለው አሸዋ ላይ የቆቅ የቅርብ ዘመድ እንደምትኖር አወቅን። ከዚያም አንድ አዛውንት በእርሷ ምክንያት ችግር ውስጥ ሲገቡ አየን። እሱን ከታች እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ ግራውስን እንሸኘው። ግራውስ የቀዝቃዛው ሰሜን ወፍ ነው፤ ስኮትላንድ፣ ስካንዲኔቪያ፣ ሩሲያ፣ ካናዳ። እግሩ በላባ የተሸፈነ ነው፤ የአፍንጫው ቀዳዳ ሳይቀር ላባ አለበት፤ ብርድ እንዳይገባ። ብዙዎቹ ዓይነቶች በእርግጥም በረዶ ውስጥ ተቀብረው ያድራሉ። ከእነርሱ ትልቁ፣ ካፐርኬሊ የሚባለው፣ ክረምቱን በአብዛኛው የጥድ ቅጠል እየበላ ያሳልፋል፤ ያን የሚመስል መራራ ነገር የሚፈጭለት ረጅም አንጀት አለው። በእስራኤልም በኢትዮጵያም ግራውስ የለም። ስለዚህ በአማርኛ ስም ባይኖረው አይገርምም፤ ያላዩትን ማን ስም ያወጣለታል?

ዘመዶቹ ግን በሁለቱም አገር አሉ። ዶሮ፣ ድርጭት፣ ቆቅ፣ ፒኮክና ግራውስ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ጅግራም የሩቅ የአጎት ልጅ ናት። ሁሉም መሬት ጭረው የሚበሉ፣ ከመብረር መሮጥ የሚቀናቸው፣ ጎጇቸውን ምድር ላይ የሚሠሩ ናቸው።

ሖግላ በደጃችን

በእስራኤል ትልቋ የቆቅ ዘመድ በዕብራይስጥ ሖግላ ትባላለች። ስሟ የቆየ ነው፤ በኦሪት ዘኍልቍ ከአባታቸው ርስት እንዲካፈሉ ሙሴን ከጠየቁት ከአምስቱ የሰለጰዓድ ሴት ልጆች አንዷ ሖግላ ትባል ነበር። በመጽሐፈ ኢያሱም ቤት ሖግላ የሚባል ቦታ አለ። በሌላው ዓለም ቹካር ይሏታል፤ ጠዋት ጠዋት «ቹክ፣ ቹክ፣ ቹክ» እያለች ስለምትጮህ ነው። ፓኪስታን ውስጥ የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ ናት።

መልኳን አንዴ ያየ አይስታትም። ጀርባዋ ግራጫ ነው፤ መንቁሯና እግሯ ቀይ። ከግንባሯ ተነስቶ በዓይኗ ላይ አልፎ አንገቷን የሚዞር ጥቁር መስመር አላት፤ ጉሮሮዋ ነጣ ያለ ስለሆነ የአንገት ሐብል ያደረገች ትመስላለች። ጎኗ ላይ ጥቁርና ነጭ ሽንትር አለ። ቁመቷ 33 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ክብደቷ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል። ወንዱና ሴቷ በመልክ አንድ ናቸው፤ ወንዱ ብቻ ትንሽ ይገዝፋል።

የምትወደው ቦታ ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ ያለበት ተዳፋትና ድንጋያማ መሬት ነው። ከሔርሞን ተራራ እስከ ነጌቭ ድረስ ትገኛለች። እርሻ ዳር፣ የወይን ተክል ውስጥ፣ የከተማ ጠርዝ ላይም አትጠፋም። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ግን አይመቻትም፤ ዙሪያዋን ማየት አለባት። እኛ ያየናት በአሽዶድና በአሽቀሎን መካከል ባለው የኒጻኒም አሸዋ ላይ ነው። እዚያ ያረጁ የሾላ ዛፎች አሉ፤ በዕብራይስጥ ሽክማ የሚሏቸው። አብረውን የሄዱ እናቶች ከወፏ በፊት ያወቁት ዛፉን ነበር።

ምግቧ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ዝናብ ከጣለ በኋላ ሣርና ለጋ ቅጠል ትግጣለች፤ በጋ ሲገባ ወደ ዘርና ፍሬ ትዞራለች፤ ከመሬት ውስጥ ትናንሽ ሥራ ሥሮችን በመንቁሯ ቆፍራ ታወጣለች። ጥራጥሬ ያገኘች ቀን እሰየው። ጥርስ ስለሌላት ትናንሽ ጠጠሮች ትውጣለች፤ ጠጠሩ በጨጓራዋ ውስጥ እንደ ወፍጮ ሆኖ ዘሩን ይፈጭላታል። እናቶቻችን ዶሮ ሲያርዱ ከሆዷ የሚያወጡት ያ ጠንካራ፣ አሸዋ የተሞላ ነገር እሱ ነው። ቅጠሉ ለምለም በሆነበት ወቅት ውኃ ብዙም አትፈልግም። ከግንቦት በኋላ ሁሉም ሲደርቅ ግን መንጋው ወደ ምንጭና ወደ ኩሬ ይወርዳል፤ አዳኝም ቀበሮም የሚጠብቃት እዚያ ነው።

ጫጩቶቿ ሌላ ምግብ አላቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጥነው ማደግ ስላለባቸው ጉንዳን፣ ፌንጣና ትናንሽ ትሎች ይበላሉ። መርዝ የተረጨበት ማሳ ዳር ጫጩት የማይበረክተው አንዱም ለዚህ ነው፤ መርዙ ጫጩቶቹን ባይነካ እንኳ ምሳቸውን ይገድልባቸዋል።

የዓመቱን ኑሮዋን ብንከተል እንዲህ ነው። ከበጋ እስከ ክረምት በመንጋ ትኖራለች፤ አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሌሎቹ ሲለቅሙ አንዷ ድንጋይ ላይ ወጥታ ትጠብቃለች። በአማርኛ ንቁ ሰው «ቆቅ ነው» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። የካቲት አካባቢ መንጋው ይበተንና ጥንድ ጥንድ ይሆናል። ሴቷ ቁጥቋጦ ወይም ድንጋይ ሥር መሬቱን ትንሽ ጫር ጫር አድርጋ፣ ጥቂት ሣር አንጥፋ፣ ከ8 እስከ 15 እንቁላል ትጥላለች፤ አንዳንዴም ይበልጣል። 24 ቀን ያህል ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጎጆውን ለቀው እናታቸውን ይከተላሉ። ሰው ወይም ውሻ ቢጠጋ እናቲቱ ክንፏ የተሰበረ መስላ እየተንፈራገጠች ወደ ሌላ አቅጣጫ ትወስደዋለች። የሚከተላት ሞኝ ሲርቅ ብድግ ብላ ትበራለች።

ስትሸሽም ሥርዓት አላት። ሽቅብ ትሮጣለች፣ ቁልቁል ትበራለች። አካሏ ከባድ፣ ክንፏ አጭር ስለሆነ ሽቅብ መብረር ያደክማታል፤ ቁልቁል ግን ጥቂት ክንፏን አርገብግባ ትንሸራተታለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ካስነሷት ጉልበቷ ያልቃል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ትሸጎጣለች። ጥንት ቀስት የሌለው ሰው ሳይቀር እያባረረ፣ ሲደክማት በዱላ ይመታት ነበር። አማርኛችን «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚለው ተረት ያንኑ አደን ያስታውሳል፤ ምዝግዝግ የሚወረወረው ዱላ ነው። ዳዊት ሳኦል ሲያሳድደው ራሱን በተራራ ላይ እንደምትታደን ቆቅ የቆጠረበት የመጽሐፈ ሳሙኤል ታሪክም እንዲህ ሲታይ ይገባል። ሳኦል ሊመታው አልቻለም፤ ሊያደክመው ነበር የፈለገው። በዕብራይስጡ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ቃል «ኮሬ» ነው፤ ትርጉሙ «የሚጣራ» ማለት ነው። ዛሬ ኮሬ የሚባለው ከሖግላ ያነሰ፣ አሸዋ የመሰለ የበረሃ ቆቅ ነው፤ ዓይን ጌዲና ሙት ባሕር ዙሪያ የሄደ ሰው አይቶት ይሆናል።

ይህ ሽቅብ መሮጥ በሳይንስ ዓለምም ስም አትርፎላታል። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሞንታና ዩኒቨርሲቲ ያለው ኬኔት ዳያል የሖግላ ጫጩቶችን አጥንቶ አንድ ነገር አሳተመ። ገና መብረር የማይችሉ ጫጩቶች ግማሽ ክንፋቸውን እያርገበገቡ በጣም ቀጥ ያለ ነገር ላይ ሮጠው ይወጣሉ። ክንፉ ወደ ላይ አያነሳቸውም፤ እግራቸው እንዳይንሸራተት ወደ መሬቱ ይጫናቸዋል። ዳያል ከዚህ ተነስቶ የጥንት ወፎች አባቶች መብረርን የጀመሩት እንዲህ ሽቅብ በመሮጥ ሊሆን ይችላል አለ። ሁሉም ሳይንቲስት አልተስማማም፤ እኛ ግን ግማሽ ክንፍም ሥራ አለው የሚለው ነገር ወዶናል።

የጎንደር ቆቅ

እማማ የሚያውቋት ቆቅ ሌላ ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ የቆቅ ዓይነት አለ፤ በሰሜኑ ደጋ፣ በስሜን፣ በወገራና በደንቢያ ዙሪያ በይበልጥ የምትታወቀው ግን ሳይንስ የኧርከል ቆቅ የሚላት ናት። ከሖግላ በጣም ትገዝፋለች፤ ወንዱ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። አናቱ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ግንባሩ ጥቁር፣ ጉሮሮው ነጭ፣ ደረቱና ጎኑ ቡናማ ጭረት የበዛበት ነው። መንቁሩ ጥቁር ስለሆነ ቀይ መንቁር ካላት ሖግላ በቀላሉ ይለያል። ወንዱ እግሩ ላይ እንደ አውራ ዶሮ ተረከዘ ሹል ነው፤ ብዙውን ጊዜ በየእግሩ ሁለት ሁለት ሹል።

የምትኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ገደላ ገደልና ቁጥቋጦ ውስጥ ነው፤ ጥድና አስታ ባለበት። ዘር፣ ለጋ ቅጠል፣ የዱር ፍሬና ነፍሳት ትበላለች። ጠዋት ከቁጥቋጦው ወጥታ ማሳ ዳር ትለቅማለች፤ ጸሐይ ሲበረታ ትገባለች፤ ማታ እንደገና ትወጣለች። የምታድረው ዛፍ ላይ ነው። ሖግላ ግን ምድር ላይ ታድራለች። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ለአንዷ ዛፍ መቆረጥ ማለት ቤት መፍረስ ነው፤ ለሌላዋ ዛፍ መተከል ነው የሚያስቸግራት።

አንድ የሚያስቅ ነገርም አለ። ይህችው የጎንደር ቆቅ በ1957 እ.ኤ.አ. ለአደን ተብላ ወደ ሃዋይ ደሴቶች ተወሰደች። ዛሬም እዚያ ተራብታ ትኖራለች። በአውሮፕላን ሄዶ ባዕድ አገር የለመደ የቤተ እስራኤል ልጅ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሁሉም ግን እንዲህ አልቀናቸውም። በዓባይ ሸለቆና በገባሮቹ፣ በተለይ በጀማ ወንዝ ዙሪያ፣ የሃርውድ ቆቅ የሚባል ዓይነት አለ። ለሳይንስ የታወቀው በ1899 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። ወንዝ ዳር ባለ ሣርና እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ ይኖራል፤ ማሽላ ማሳ ገብቶ ይለቅማል። ቁጥቋጦው ለማገዶና ለእርሻ ሲመነጠር መሸሸጊያው ይጠፋል። ከሃዋይ ተራራ ላይ ሆነው ከሚጮኹት ዘመዶቹ ይልቅ በአገሩ ያለው ይህ ነው አደጋ ላይ ያለው።

ድርጭት

ስለ አሽዶድ ወፍ ተጽፎ ድርጭት ካልተነሳች ነውር ነው። ድርጭት ከቤተሰቡ ትናንሾች አንዷ ናት፤ 100 ግራም አካባቢ። ከዘመዶቿ የሚለያት ረጅም ጉዞ መብረሯ ነው። በመከር ከአውሮፓ ተነስታ ሌሊቱን ሜዲትራንያንን ታቋርጥና ጎሕ ሲቀድ ከሲና እስከ እኛ ዳርቻ ድረስ ባለው አሸዋ ላይ ደክማ ትወድቃለች። በኦሪት እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሥጋ ሲመኙ ከባሕር በኩል በነፋስ የመጣችላቸው እርሷ ናት። ከዚህ አልፋ ወደ አፍሪካ ትወርዳለች፤ ኢትዮጵያም ድረስ። ሲና ዳርቻ ላይ ግን በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር መረብ ተዘርግቶ ይጠብቃታል።

ስድስት እንቁላል

አሁን ወደ አዛውንቱ። ስማቸውን አንጠራም፤ ሰፈራቸውንም እንተወው። ከእኛ አንዱ ለተግባር ልምምድ የሚሄድበት ቤት ናቸው። ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ከሕንፃዎቹ ወዲያ ወዳለው ሜዳ ይሄዱ ነበር፤ ሐኪም መራመድ ጥሩ ነው ብሏቸዋል። አንድ ቀን ከእግራቸው ሥር አንዲት ወፍ ተነስታ በረረች። ጎንበስ ሲሉ አሥራ አንድ እንቁላል። ስድስቱን በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ቤት መጡ። ልጅ ሳሉ እረኛ ነበሩ፤ ቆቅ ጎጆ ያገኘ እረኛ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት።

ከሕንፃው ሰዎች አንዱ አየ፤ ስልክ ደወለ። ተቆጣጣሪ መጣ። በፍጥነት የሚነገር ዕብራይስጥ፣ ወረቀት፣ ፎቶግራፍ። የሚያስተረጉመው የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበር። ልጁ «አባባ፣ አድነሃል ይላሉ» አላቸው። አዛውንቱ ደነገጡ። «እኔ መቼ አደንኩ? ጠመንጃ የለኝ፣ ወጥመድ የለኝ። እንቁላል ነው ያነሳሁት። እናቲቱንም ለቅቄያታለሁ!»

የመጨረሻዋን ቃል ልጁ አልተረጎማትም፤ አልገባችውም። ለተቆጣጣሪው ብትደርሰው ኖሮ ነገሩ ሁሉ ሌላ ይሆን ነበር። በኦሪት ዘዳግም የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆቿ ጋር አንድ ላይ እንዳይወስድ፣ እናቲቱን እንዲለቅ ታዟል። አዛውንቱ ያን ሕግ ከአባታቸው ተምረው ስድሳ ዓመት ጠብቀዋል። እንቁላሉን ሁሉ እንኳ አላነሱም፤ ወፏ ጎጆዋን ባዶ አግኝታ እንዳትተወው አምስቱን ትተውላታል። በእርሳቸው በኩል ያጎደሉት ነገር አልነበረም። ሌባ እንደተባሉ ነው የቆጠሩት፤ ለብዙ ቀናትም ከቤት አልወጡም።

የአገሪቱ ሕግ ሌላ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ «አደን» የሚለውን ቃል በጣም አስፍቶ ይተረጉመዋል፤ መግደልና ማጥመድ ብቻ ሳይሆን የዱር እንስሳን መጉዳት፣ እንቁላሉን መንካትም ይገባበታል። ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ወጥመድ፣ መረብ፣ ሙጫና መርዝም እንዲሁ። ይህን በአማርኛ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኛም ብንሆን ለዚህ ጽሑፍ ስንል እስክናነብ ድረስ አናውቅም ነበር።

ጉዳዩ በማስጠንቀቂያ አለፈ። ባልደረባችን ከሳምንት በኋላ ሄዶ ከአዛውንቱ ጋር ቡና ጠጣ፤ ሕጉን አንድ በአንድ በአማርኛ አስረዳቸው። በሚገባ አዳመጡ። «ይኸ ጥሩ ሕግ ነው» አሉ። «ሰው በዝቷል፤ ወፏ አንሳለች። ይህን ያን ቀን ቢነግሩኝ እንቁላሉን ራሴ እመልሰው ነበር።» ከዚያ በተራቸው እርሱን አስተማሩት፤ ጎጆ ላይ ያለች ቆቅ ብታዩ ቀጥታ አትዩዋት፣ ያላየ መስላችሁ እለፉ፤ ዓይን ለዓይን ካልተገናኛችሁ አትነሳም። ባልደረባችን ይህን በየትኛውም መጽሐፍ አላነበበም።

ስለዚህ ለቤተሰቦቻችን፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሜዳ ላይ እንቁላል ወይም ብቻውን የሚንከራተት ጫጩት ብታገኙ አታንሱት። ጫጩቱ አልጠፋም፤ እናቲቱ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆና እናንተ እስክትሄዱ እየጠበቀች ነው። ውሻ ካላችሁ በዚያ ወቅት እሰሩት። ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ካለ ደግሞ ሕፃን ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉ፤ አማርኛ የሚችል ሰው እስኪመጣ ጠብቁኝ ማለት ይቻላል፤ እኛም እንመጣለን።

እማማን ባለፈው የጸደይ ወራት አርብ ጠዋት ወደ ኒጻኒም ወሰድናቸው። ጸሐይዋ ገና አልሞቀችም ነበር። ከአሸዋው ጀርባ «ቹክ፣ ቹክ፣ ቹክ» የሚል ድምፅ መጣ። ቆም አሉ፤ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ። አምስት ሖግላዎች ከሮቴም ቁጥቋጦ ሥር ወጥተው ተራ በተራ ሽቅብ ሮጡ። የልጅ ልጃቸው «እህስ እማማ፣ ቆቅ ናት?» አለቻቸው።

«ዘመዷ ናት» አሉ። «የእኛዋ ድምፅ ግን ከዚህ ይወፍራል።» ከዚያም እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንዴት እንደምትጮህ አሰሙን፤ ከሾላው ወዲያ ያሉት ሰዎች ሁሉ ዞር ብለው አዩ።